ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ለምትገቡ፣ ስለ 1962 ዓ.ም.

ልጆቼ፣

ሻንጣችሁን ሳታራግፉ «ዋለልኝ አገር አፈረሰ»፣ «የለም፣ ነጻ አወጣን» የሚል ሙግት ይደርሳችኋል። ታሪክ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ጽሑፍ ዳር እስከ ዳር አንብቦ የሚሟገተው ግን በጣት የሚቆጠር ነበር።

1962 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከባድ ዓመት ነበር። ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. ይኸው የዋለልኝ ጽሑፍ «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ወጣ። ታኅሣሥ 19 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ከዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ በጥይት ተመታ። በማግስቱ አስከሬኑን አጅበው ስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ተኮሰ፤ ሌሎችም ተገደሉ። ጥላሁን የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዑል መኮንን ባለቤት የልዕልት ሣራ ወንድም ነበር። ጥያቄው ቤተ መንግሥት ድረስ ዘልቆ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ነው። ኢትዮጵያዊ ለመባል አማርኛ መናገር፣ የአማርኛ ሙዚቃ መስማት፣ ኦርቶዶክስ መሆን፣ በውጭ አገር ጉባኤ ሸማ መልበስ እንደሚጠበቅ ይዘረዝራል። ይህን ዝርዝር ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ በዚህ የቆሰለ ሰው አብሯችሁ ይማራል። መገንጠልን ግን በደፈናው አይደግፍም፣ መፈንቅለ መንግሥትንም አይቀበልም። የሚረግሙትም የሚያመልኩትም ይህን ዘለውታል። እኔ በበኩሌ ጽሑፉ ጎደለ የምለው ሌላ ነው፤ ከገዢዎቹ ጋር ቋንቋ እንጂ ኑሮ የማይጋራው አማርኛ ተናጋሪው የወሎ ድሃ ገበሬ በቂ ቦታ አላገኘበትም።

መንግሥት ለጥያቄ በጥይት ከመለሰ በኋላ በተማሪው መካከል የለዘበ ቃል እንደ ፍርሃት ይቆጠር ጀመር። ዋለልኝ ራሱ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ሊጠልፉ ሲሞክሩ ከጓዶቹ ጋር ተገደለ፤ የየካቲት 1967ቱን የመሬት አዋጅ አላየም። ከተማሪው እንቅስቃሴ የወጡት የፖለቲካ ድርጅቶች፣ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) እና መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ)፣ ሁለቱም ማርክሲስት፣ ሁለቱም የ«መሬት ለአራሹ» ልጆች ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ተገዳደሉ፤ ደርግም በየተራ ፈጃቸው። አብረው ዘምረው ያደጉ ልጆች ናቸው! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከጽሑፍ ተቆርጦ ስልካችሁ ላይ የሚደርሳችሁን አንድ መስመር ይዛችሁ በማንም ላይ አትፍረዱ። የክፍል ጓደኛችሁ የተለየ ሐሳብ ካለው ከመመለሳችሁ በፊት ያለውን ድገሙለት፤ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪላችሁ ድረስ። በስብሰባ ብቻውን ለቆመ ሰው፣ ባትስማሙበትም፣ ጨርሶ እንዲናገር ተከላከሉለት።

የዋለልኝንም ጽሑፍ ከተለያየ አካባቢ የመጣችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ፣ አንድ ማታ መኝታ ክፍላችሁ ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያስቆጣችሁንም ያሳመናችሁንም አንቀጽ በእርሳስ አስምሩበት፤ ክርክሩን ከዚያ ጀምሩት።