ጥያቄና መልስ፦ በስብሰባ ዝም የሚሉ መምህራን

ጥያቄ፦ ርዕሰ መምህር ሆኜ የተመደብኩት በዚህ የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። የመምህራን ስብሰባ በመደበኛነት አካሂዳለሁ፤ ውሳኔዎችንም ሳይዘገዩ በማስታወቂያ ሰሌዳ አወጣለሁ። ሆኖም በስብሰባ ላይ አስተያየት የሚሰጥ የለም፤ ከስብሰባው በኋላ ግን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቅሬታው ይጧጧፋል። በተለይ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ከቀየርን ወዲህ ተነሳሽነታቸው በግልጽ ቀንሷል፤ ቀድሞ ደካማ ተማሪዎችን ከሥራ ሰዓት ውጪ ያስጠኑ የነበሩት ሳይቀሩ ደወል እንደተደወለ ይወጣሉ። የወሩ ምርጥ መምህር ሽልማት ብጀምርም ለውጥ አላየሁም። የጎደለኝ ምንድን ነው?

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ስብሰባውም፣ ማስታወቂያውም፣ ሽልማቱም ተጠቅሰዋል፤ ድልድሉ ለምን እንደተቀየረና ምክንያቱ ለመምህራኑ መነገሩን ግን አልጻፉልንም። ምናልባት የጎደለው ይኸው ነው። ድልድል ለአስተዳደር የወረቀት ሥራ ሊመስል ይችላል፤ መምህሩ ግን ስንት ዓይነት የትምህርት ዕቅድ እንደሚያዘጋጅ፣ የትኞቹን ተማሪዎች ደክመው በሚመጡበት ሰዓት እንደሚያገኝ፣ የራሱን ልጅ ማን እንደሚያደርስለት የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ነው። ይህን ያህል የሚነካውን ነገር ከሰሌዳ ላይ ካነበበ፣ የሚረዳው ለውጡን ብቻ ሳይሆን በኃላፊው ዘንድ ያለውን ቦታም ጭምር ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄራልድ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት የተካሄደው በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ቢሆንም፣ ለእርስዎ ጉዳይ ከብዙ የአመራር ሥልጠና ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ። አንድ ድርጅት ሥራ ስለቀነሰበት በሁለት ፋብሪካዎቹ ደመወዝ ለ10 ሳምንት 15 በመቶ ቀነሰ። በአንደኛው ኃላፊዎቹ ጊዜ ወስደው ምክንያቱን አስረዱ፣ ማዘናቸውን ገለጹ፣ ጥያቄም አስተናገዱ፤ በሌላው ውሳኔውን በአጭሩ ተናግረው አበቁ። በቅነሳው ወቅት የፋብሪካ ንብረት ስርቆት እጅግ የበረታው በቂ ማብራሪያ ባልተሰጠበት ፋብሪካ ነበር። መምህር ከትምህርት ቤት የሚወስደው ንብረት ላይኖር ይችላል፤ መስጠት የሚተወው ግን ብዙ ነው፤ መጀመሪያ የሚቀረውም ማንም ሊያስገድደው የማይችለው፣ ከደወል በኋላ የሚሰጠው እገዛ ነው።

ዝምታውን በተመለከተ፣ ስምምነት አድርገው እንዳልወሰዱት ከጥያቄዎ ያስታውቃል። ተመራማሪዎቹ ኤልሳቤት ሞሪሰንና ፍራንሲስ ሚሊከን እ.ኤ.አ. በ2000 በመሥሪያ ቤቶች ስላለ ዝምታ ሲጽፉ፣ ሠራተኞች አፋቸውን የሚዘጉት መናገር ዋጋ የለውም ወይም መዘዝ ያመጣል ብለው በማመናቸው እንደሆነ አስረድተዋል። በትምህርት ቤት ሁለቱም ምክንያቶች በቀላሉ ይገናኛሉ፤ ስብሰባውን የሚመራውና የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነውና። ስለዚህ በሙሉ ጉባኤ ፊት «አስተያየት ያለው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ብዙ አያስገኝም። አጀንዳው ቀደም ብሎ ይሰጥ፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች በየክፍላቸው መክረው የተነሣውን ሐሳብ የተናጋሪውን ስም ሳይጠቅሱ ያቅርቡ፤ እርስዎም የራስዎን አቋም በመጨረሻ ይናገሩ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጣዩን ስብሰባ ባለፈው ከተነሡት ነጥቦች መጀመር ነው፦ የትኛው ተፈጸመ፣ የትኛው ተቀባይነት አጣ፣ ለምን? «አይሆንም» የሚለው መልስ ከነምክንያቱ ሲሰጥ መምህራን ከሚገመተው በላይ ይቀበሉታል። ቃለ ጉባኤ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ሐሳብ ግን ተናጋሪውን ዳግም እንዳይናገር ያስተምረዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ እወዳለሁ። ከበላይ አካል ተወስኖ በመጣ ጉዳይ ላይ «ተወያዩበት» አይበሉ፤ የይስሙላ ምክክር ከደረቅ ትእዛዝ የከፋ ቅሬታ ይወልዳል። የተወሰነውን እንደተወሰነ ይንገሩ፣ ከዚያም በአፈጻጸሙ ላይ ምን መለወጥ እንደሚቻል በትክክል ለይተው ይጠይቁ። የአሁኑን ድልድል ሙሉ በሙሉ መሻር ያለብዎ አይመስለኝም፤ በመንፈቀ ዓመቱ መካከል እንደገና መቀያየር ተማሪዎችንም ያውካል። ምክንያቱን ግን ዘግይቶም ቢሆን መናገር ይቻላል፤ ክፉኛ የተጎዱትን ጥቂት መምህራን በተናጠል ማነጋገርም እንዲሁ።

ሽልማቱ አለመሥራቱ አያስደንቅም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው እንዳስገነዘቡት፣ ሰውን በሥራው የሚያረኩትና የሚያስከፉት ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ በአስተዳደር አሠራር የመጣ ቅሬታ በምስጋና ወረቀት አይሻርም። በዚያ ላይ የመምህርነት ውጤት የጋራ ነው። ተማሪው ዛሬ አንብቦ የሚረዳው የታችኛው ክፍል መምህር ፊደል ስላስቆጠረው ሆኖ ሳለ፣ በየወሩ አንዱን ለይቶ ማስጨብጨብ ሌሎቹን ያስቀይማል። ክፍል ገብተው ያዩትን መልካም ሥራ በዝርዝር ጠቅሰው ለመምህሩ ቢነግሩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ርዕሰ መምህራችን ክፍል ሲጎበኙ ስሕተት ካዩ እዚያው በተማሪዎች ፊት ያርሙናል። ብናገር እንደ እልኸኛ እቆጠር ይሆን?

መልስ፦ በሌሎች ፊት ከተናገሩ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ብቻቸውን ሲሆኑ ያነጋግሯቸው። እርማቱን እንደማይጠሉ አስቀድመው ይግለጹ፤ ቅሬታዎም ስለ ክብርዎ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ክፍሉን ለመምራት ስለሚገጥምዎ ችግር ይሁን። አንቶኒ ብራይክና ባርባራ ሽናይደር በቺካጎ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባደረጉትና በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ የትምህርት ቤት ማኅበረሰብ እርስ በርሱ የሚተማመነው በመከባበር፣ በሥራ ብቃት፣ ለሌላው በማሰብና በቃልና በተግባር መጣጣም እንደሆነ አሳይተዋል። ኃላፊው ብቃትን ሲሹ አክብሮትን እያጡ ነው፤ ይህን ደግሞ ራሳቸው ላያስተውሉት ይችላሉ። አማራጭም ይዘው ይሂዱ፦ አስተያየታቸውን በማስታወሻ ይዘው በዚያው ቀን በዕረፍት ሰዓት ቢነግሩዎ ለማረም ዝግጁ እንደሆኑ ይግለጹላቸው። ካልተቀበሉ፣ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባቸው ባልደረቦችዎ በትምህርት ክፍል ኃላፊው በኩል የክፍል ጉብኝት ሥርዓት በጽሑፍ እንዲወጣ ሊጠይቁ ይችላሉ።