«ዲስክህ አልቋል» ለተባላችሁ፦ የወገብ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደሴ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ወገቡን የሚያመው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። በጽሑፍ የሚሰጥ ምክር ወሰን አለው። በአካል መታየት የግድ የሚሆንበትን ቦታ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ጥ፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ኤምአርአይ ተነስቼ «ዲስኩ ደርቋል፤ በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል ወጣ ብሏል» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ለማጎንበስ እፈራለሁ። ወገቤ አለቀለት ማለት ነው?

መ፦ አብሽር ወንድሜ፤ አላለቀለትም።

የታችኛው ወገብ 5 አጥንቶች አሉት። በመካከላቸው ያለው ዲስክ በወጣትነት አብዛኛው ውሃ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፤ ዲስኩም ይሳሳል። ይሄ በሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች የምርመራ ምስል ሰብስቦ አይቷል። 40 ዓመት አካባቢ ካሉት 68 በመቶው ዲስካቸው ደርቋል፤ የግማሾቹም ወጣ ብሏል። እነዚህ እንግዲህ ምንም የማያማቸው፣ ሥራቸውን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ህመምህ ውሸት ነው እያልኩህ አይደለም። ምስሉ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም ነው የምልህ። ምስሉ የሚጠቅመው አንተን ከመረመረህ ሰው ግኝት ጋር ሲገጥም ነው።

አሁን የበለጠ የሚያሳስበኝ ፍርሃትህ ነው። ያልጎነበሰ ወገብ ይደርቃል፤ ጡንቻው ይዝላል፤ ከዚያ ትንሹ ነገር ሁሉ ያመዋል። ስለዚህ ማጎንበስን እንደ አዲስ አስለምደው። ወንበር ላይ ተቀመጥና እጅህን ከጉልበትህ ወደ ቁርጭምጭሚትህ እያንሸራተትክ ውረድ፤ ተመለስ። 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሳምንት ሲሆነው ቆመህ ሞክረው። ቀጥሎ ባዶ ካርቶን አንሳ፤ ከዚያ 5 ኪሎ ስኳር፤ እያልክ ወደ ሱቅህ ዕቃ ትመለሳለህ። ስትሠራ ትንሽ ቢያምህ አትደንግጥ። ህመሙ ጨምሮ ካደረ ግን በማግስቱ መጠኑን ቀንስ። ጨርሰህ አታቁም።

ጥ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ነው የምሠራው። ህመሙ ከወገቤ ተነስቶ በቂጤ አልፎ እስከ ባቴ ይወርዳል፤ ይጠዘጥዘኛል፤ እግሬም ይደነዝዛል።

መ፦ እህቴ፣ የነገርሽኝ ሁሉ ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ሥሩ ላይ መቆጣቱን ይመስላል። ብዙ ጊዜ መነሻው የወጣ ዲስክ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ የወጣው ክፍል በብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል።

አንድ ሙከራ አድርጊ። በደረትሽ ምንጣፍ ላይ ተኚና ሁለት ደቂቃ ቆዪ። ከዚያ በክርንሽ ተደገፊ። ካልከፋብሽ መዳፍሽን መሬት ላይ አድርገሽ ደረትሽን ቀስ ብለሽ አንሺ፤ ዳሌሽ ግን ከምንጣፉ አይነሳ። 10 ጊዜ ደጋግሚና እግርሽን አዳምጪ። ህመሙ ከባትሽ ወደ ቂጥሽ፣ ከቂጥሽ ወደ ወገብሽ ከተሰበሰበ፣ ወገብሽ ትንሽ ቢብስበት እንኳ ጥሩ ምልክት ነው። ቤት ስትሆኚ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ሥሪው። ህመሙ ወደ ታች፣ ወደ እግር ጣትሽ ከገፋ ግን ይሄ እንቅስቃሴ ያንቺ አይደለም፤ ተይውና በአካል ታዪ።

ሥራ ላይ አንድ እግርሽን ዝቅ ያለ ሳጥን ላይ አሳርፊ፤ እያቀያየርሽ። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ተቀምጠሽ ከምትጨርሺው ትንሽ ተራመጂ።

ጥ፦ አባታችን 68 ዓመታቸው ነው። ዳገት ሲወጡ ደህና ናቸው፤ ቁልቁለት ሲወርዱ ግን እግራቸው ይደነዝዝና ደረጃ ላይ ቁጭ ይላሉ። ቤተሰቡ «እንዴት ዳገቱ ቀሎ ቁልቁለቱ ይከብዳል?» እያለ አያምናቸውም።

መ፦ እመኗቸው! ይህን ቃል በቃል የሚነግሩኝ አዛውንቶች ብዙ ናቸው፤ ደሴ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ናት።

ዕድሜ ሲገፋ ዲስኩ ይሳሳል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፤ ጅማቱ ይወፍራል። ነርቮቹ የሚያልፉበት ቦይ ይጠብባል። ሰው ቀጥ ሲል፣ ይልቁንም ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል፣ ቦዩ ይበልጥ ይጠብባል። ዳገት ላይ ወደ ፊት ዘንበል ስለሚባል ይሰፋል። አባታችሁ ቁጭ ሲሉ የሚሻላቸውም ለዚሁ ነው።

ግን የእግር የደም ሥር ጥበትም ሲራመዱ እግር ያስይዛል። ያኛው ዳገት ላይ ይብሳል፤ ለማረፍም መቀመጥ አያሻም፣ ቆም ማለት ይበቃል። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም ስኳር ያለባቸው ከሆነ ሐኪም የእግራቸውን የደም ምት ይይላቸው።

ለእሳቸው የሚሆነው ወደ ፊት የማጠፍ እንቅስቃሴ ነው። በጀርባ ተኝተው ጉልበታቸውን አንድ በአንድ፣ ኋላም ሁለቱንም ወደ ደረታቸው ይሳቡ፤ 10 ጊዜ ያህል። ለእህታችን የነገርኳት በደረት ተኝቶ ቀና ማለት ለእሳቸው አይሆንም። ሲራመዱ ከዘራ ይያዙ። እግራቸው እስኪደነዝዝ አይጠብቁ፤ ቀደም ብለው ይቀመጡ፤ ከዚያ ይቀጥሉ። ቁልቁለቱን በባጃጅ፣ ዳገቱን በእግር ቢያደርጉት ምን አለበት?

ጥ፦ ሶላት ላይ ሱጁድ ወርጄ መነሳት አቃተኝ። (ስለ ስግደትም የጠየቁኝ አሉ።)

መ፦ እንደ አባታችን የነርቭ ቦዩ ለጠበበበት ሰው ሩኩዕም ሱጁድም ወገብን ስለሚያጥፉ አብዛኛውን ጊዜ ይመቹታል፤ የሚከብደው ረጅም መቆሙ ነው። ዲስኩ በቅርቡ ለወጣ ሰው ግን ማጎንበሱ ለጊዜው እግሩን ሊያስጮኸው ይችላል። በተለይ ጠዋት ዲስኩ ውሃ ጠጥቶ የተወጠረ ስለሆነ ከመስገድህ በፊት ትንሽ ተንቀሳቀስ። ስትነሳ አንድ እግርህን ቀድመህ ትከል፤ እጅህን ጉልበትህ ላይ አሳርፍና ተነስ። ከወንበር የመስገዱን ነገር ኡስታዝህን ጠይቅ፤ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው ቦታ አለው። ስግደት ለምትሰግዱም አነሳሱ ያው ነው፤ ቁጥሩን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ጥ፦ ኮምቦልቻ ስወርድ ይሻለኛል፤ ደሴ ስመለስ ያመኛል። ወገቤን ብርድ ገብቶበት ይሆን?

መ፦ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷም ይሰማል። ብርድ ዲስክ አይበላም። ጡንቻን ግን ያኮማትራል፤ ሰውም ተጨብጦ ስለሚቀመጥ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ጠዋት ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አድርገህ፣ በፎጣ ጠቅልለህ ለሩብ ሰዓት ወገብህ ላይ አሳርፈው፤ ወዲያው ተነስና ተንቀሳቀስ።

ጥ፦ እናቴ እንጀራ በጋገረች ቁጥር ሁለት ቀን ትተኛለች። ሥራውን ትተወው?

መ፦ ሥራውን ከማስተዋችሁ በፊት ምጣዱን ከፍ አድርጉላት። መሬት ላይ ካለው ምጣድ ፊት ሰዓት ሙሉ ተጎንብሶ መቆየት የጤነኛውንም ወገብ ያደክማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ከወገቧ ጋር እኩል የሚሆን ጠንካራ ጠረጴዛ ይበቃዋል። የእንጨት ምድጃ ከሆነ በብሎኬት ከፍ ይደረግ። የሊጡ ባልዲ መሬት ላይ አይሁን፤ በቀኟ በኩል ወንበር ላይ ይቀመጥ። በአንድ ጊዜ 40 እንጀራ ከምትጋግር ለሁለት ቀን ትክፈለው። በየአምስት እንጀራው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀና ትበል።

ውሃም እንደዚሁ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 20 ኪሎ ነው። በሁለት ባለ 10 ሊትር ተከፍሎ በሁለት እጅ ሲያዝ ወገቧ አይጣመምም። ቤት ውስጥ ወጣት ካለ ደግሞ እሱ ይቅዳ፤ ይሄን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ቡና ስታፈላም በርጩማዋ ከፍ ይበል።

ጥ፦ የወገብ መደገፊያ ቀበቶና የዳይክሎፌናክ (የህመም ማስታገሻ) መርፌስ?

መ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ህመም ባወጣው መመሪያ ቀበቶን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። ዕቃ ስታወርዱ ለአንድ ሰዓት ብታስሩት አልጣላችሁም፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይሁን። ዳይክሎፌናክ ህመሙ ሲጠና ለጥቂት ቀን ይረዳል። በየሳምንቱ ፋርማሲ እየሄዱ መወጋት ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ግፊት ወይም የልብ ህመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው።

ጥ፦ ወጌሻ ጋ ብሄድ?

መ፦ ቀለል ያለ እሽት ጡንቻን ያፍታታል፤ አልከለክልም። ጠምዝዞ ማንቋቋት፣ ጀርባ ላይ መቆም፣ እግር መጎተት ግን አይሆንም። በተለይ ለአዛውንት፣ አጥንታቸው ለሳሳ እናቶች፣ እግሩ ለደነዘዘ ሰው።

ጥ፦ መቼ ነው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያለብኝ?

መ፦ ይሄን ደግማችሁ አንብቡት። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር ከዛለ ያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነርቩ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል የሚባክነው ሰዓት ዋጋ ያስከፍላል። የእግር መዳፍ ቀና አልል ብሎ መሬት እየጎተተ ከሆነም አትዘግዩ።

ሌላው በአገራችን የማይዘነጋው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ሌሊት የማያስተኛ የጀርባ ህመም፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ አከርካሪ ላይ እብጠት ወይም ጉብታ ከታየ በፊዚዮቴራፒ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ምርመራ። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። ያልፈላ ወተት የሚጠጣና ከከብት ጋር የሚውል ሰው ተመሳሳይ ምልክት ካየ ብሩሴላ የሚባለው በሽታም ስላለ ለሐኪሙ ይንገር። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ፣ ወይም በዕድሜው ገፍቶ ከወደቀ በኋላ ወገቡን ያመመው ሰውም ቅድሚያ ሐኪም ይየው።

ጥ፦ ፊዚዮቴራፒ ሦስት ቀን ሄጄ ማሽን አደረጉልኝ። ምንም ለውጥ የለም፤ ተውኩት።

መ፦ ሦስት ቀን ምን ይሠራል? ለዚያውም በማሽን። ቅድም ያነሳሁት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አልትራሳውንድና የኤሌክትሪክ ማሽኑን፣ ወገብ መጎተቻውንም ለቆየ ህመም አይደግፍም። ሕክምናው እንቅስቃሴው ነው፤ ቤትህ የምትሠራው። ጡንቻ ለመጠንከር ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል።

ከምሰጣቸው ሁለቱን ልንገርህ። በጀርባህ ተኝተህ ጉልበትህን አጥፈህ ዳሌህን አንሳ፤ 5 ሰከንድ ያዝ፤ አውርድ፤ 10 ጊዜ። ሁለተኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክከህ ቀኝ እጅህንና ግራ እግርህን አብረህ ዘርጋ፤ ወገብህ እንዳይወላገድ ያዘው፤ ቀይር።

ከዚያ እግር ጉዞ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ከወገብ ህመም ያገገሙ ሰዎችን ተከታትሏል። በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ እየጨመሩ የተራመዱት ህመሙ እስኪመለስባቸው መካከለኛው ጊዜ 208 ቀን ነበር፤ ይህ ምክር ያልተሰጣቸው ደግሞ 112 ቀን። ከ10 ደቂቃ ጀምርና በየሳምንቱ ጨምር። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሜዳው ስለሚበዛ ታድላችኋል። ደሴ ያላችሁ ደልዳላውን መንገድ መርጣችሁ ተመላለሱበት።

ጥ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው፤ ማታ ቀጥ ማለት ያቅተኛል።

መ፦ ንዝረቱና ረጅም መቀመጡ ነው። ፎጣ ጠቅልለህ በቀበቶህ ልክ ከወገብህ ጀርባ አድርግ። ተሳፋሪ ስትጠብቅ ውረድና እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ አምስቴ ወደ ኋላ ለጠጥ በል።

ጥ፦ ኦፕራሲዮን ተባልኩ።

መ፦ እግሩ እየደከመ ለሚሄድ፣ ወይም በደንብ የተሠራ የወራት ሕክምና ላልረዳው የእግር ህመም ኦፕራሲዮን ይጠቅማል። እግርን ለማይነካ ተራ የወገብ ህመም ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። «ባልሠራው ምን ይሆናል?» ብለህ ሐኪምህን ጠይቀው።

ጥ፦ ፍራሹን ትቼ መሬት ልተኛ?

መ፦ አያስፈልግም። የማይሰምጥ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ይበቃል። በጎንህ ስትተኛ ትራስ በጉልበቶችህ መካከል፣ በጀርባህ ስትተኛ ከጉልበትህ ሥር አድርግ። ስትነሳ መጀመሪያ በጎንህ ዙር፤ እግርህን አውርድ፤ ከዚያ በእጅህ ተደግፈህ ተነስ።