እንጨቱን ራስህ አደብዝዘው፣ ብረቱን ግን በቃል ብቻ ለማንም አትስጥ

ሰላም ወንድሜ። ያገለገለ ሬሚንግተን 700 ቢዲኤል የአደን ጠብመንጃ ገዝተሃል። እንጨቱም ብረቱም እንደ መስታወት ያበራል፣ ለፕሮንግሆርን (ሚዳቋ ለሚመስለው የአሜሪካ ሜዳ እንስሳ) አደን ስወጣ ያጋልጠኛል፣ ልፋቀው፣ ልቀባው ወይስ ሱቅ ልውሰደው ብለሃል። እኔም እዚሁ ኮሎራዶ ያንኑ ጠብመንጃ ይዤ በዚያው ችግር አልፌያለሁ። እንጨቱን ራስህ ሥራው። ብረቱ ላይ ያወጣሁት ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል፣ አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

በቅድሚያ «ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰህ ስለ ጠብመንጃ ብልጭታ ትጨነቃለህ?» የሚሉህን አትስማ። እኔንም ብለውኛል። እውነት ነው፣ ኮሎራዶ ውስጥ በጠብመንጃ አጋዘንም ሆነ ፕሮንግሆርን የሚያድን ሰው 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስ ግዴታው ነው። ነገር ግን እነዚህ እንስሳት ብርቱካናማን እኛ በምናየው መልክ አያዩትም፣ ደብዝዞ ነው የሚታያቸው። የፀሐይ ነጸብራቅ ሌላ ነገር ነው። የሚበራውም ጠብመንጃውን ወደ ትከሻህ በምታነሳበት ሰዓት ነው። እንቅስቃሴና ብልጭታ አንድ ላይ ማለት ነው። ፕሮንግሆርን የገላጣ ሜዳ እንስሳ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ አይሸሸግም፣ ከአዳኝ የሚያስመልጠው ዓይኑና እግሩ ነው።

1ኛ. ባዶ መሆኑን አረጋግጥና እንጨቱን ከብረቱ ለይ። «ሳልፈታው ላብሰው» አትበል። የስቲል ዉል (እንደ ጥጥ የሆነ ደቃቅ የብረት ክር መፈግፈጊያ) ብናኝ ቃታው ውስጥ ከገባ ጣጣው ብዙ ነው።

2ኛ. ቫርኒሹን ልላጠው አትበል። የሚያበራው ገጹ ልሙጥ ስለሆነ ብቻ ነው። በጣም ደቃቅ ጭረት ካበጀህለት ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ቫርኒሹም እንጨቱን ከእርጥበት መጠበቁን ይቀጥላል። ቢዲኤል ላይ ያለው አርኬደብልዩ የሚባለው ቫርኒሽ ደግሞ በጣም ጠንካራ ነው። በኬሚካል ላንሳው ካልክ ነጫጮቹን መስመሮችና የፊት ጫፉን ጥቁር ፕላስቲክ ሊበላብህ ይችላል። የብርጭቆ ወረቀትም አታስጠጋ። ባለ አራት ዜሮ (በጣም ደቃቁን) ስቲል ዉል ወይም ግራጫውን ስኮች ብራይት (ብረት የሌለው መፈግፈጊያ ጨርቅ) ያዝ፣ ሰም ቀባ አድርግበት፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትለህ በቀስታ እሽ። እኔ ስኮች ብራይቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የሚዝግ ብናኝ አይተውም። የተቀረጸውን መያዣ በፕላስተር ሸፍን። ጠርዝ ላይ እጅህን አቅልል፣ ቫርኒሹ እዚያ ስስ ነው። አንዴ እስከ እንጨቱ ከወረድክ መመለሻ የለውም፣ ሙሉውን ልጠህ እንደገና መቀባት ነው። መጀመሪያ የትከሻውን ጎማ ፈትተህ ከሥሩ የተደበቀው ቦታ ላይ ሞክረው።

ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ደስ ይላል። የእኔ ሲያልቅ ልክ አባቴ ግድግዳ ላይ ይሰቅለው እንደነበረው ምንሽር እንጨት ለስላሳና ጸጥ ያለ መልክ ያዘ። የድሮ ወታደር ጠብመንጃ እንጨቱ በተልባ ዘይት ነበር የሚታሸው፣ ማብረቅረቅ የሚባል ነገር አያውቅም። እዚህ አገር ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያድኑ የኖሩ ሰዎች አይተውት «ማን ሠራልህ?» ብለውኛል። በገዛ እጄ ነው የሠራሁት።

3ኛ. ብረቱ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ።

ብረቱን የሸፈነው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ቅብ አይደለም። ብረቱ ራሱ በኬሚካል ተለውጦ የተፈጠረ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። በስቲል ዉል ከተፈገፈገ ሊነሳ ይችላል፣ ከዚያ ዝገት ይገባል። ይህን ስለማውቅ ነበር ብረቱን ለባለሙያ ልስጥ ያልኩት። እንጨቱን ጨርሼ ወደ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ባንኮኒው ላይ የነበረው ሰውዬ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሰም። «ይሄ ጠብመንጃ የራስህ ነው?» አለኝ። ከእኔ በፊት የገባውን ሰው ግን እንዲህ አልጠየቀውም። ደረሰኜን አሳየሁት። የምፈልገውንም በደንብ ነገርኩት፦ ብረቱ በደቃቅ አሸዋ ተነፍቶ እንዲደበዝዝና እንደገና በኬሚካል እንዲጠቁር። «ገብቶኛል» ብሎ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጫር አደረገ፦ «ይደብዝዝ»።

ስመለስ ብረቱን በስቲል ዉል ፈግፍገው ጠብቀውኛል። ጫፉ አካባቢ ነጥቶ ግራጫ ሆኗል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ይደብዝዝ አልክ፣ ደብዝዟል» አለኝ። ሙሉ ዋጋውንም ተቀበለኝ። አነጋገሬን እየደገመ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቀ። ያ ነገር ከገንዘቡ በላይ አመመኝ። በመጨረሻ በሌላ ከተማ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጠብመንጃ ጠጋኝ አገኘሁ። አክብረው አስቀመጡኝ፣ ሥራውን አሳምረው ሠሩልኝ። ግን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

ስለዚህ ብረቱን ለሱቅ ከሰጠህ ከመስጠትህ በፊት በሁሉም ጎኑ ፎቶ አንሳው። የትኛው ክፍል ምን እንደሚደረግ አንድ በአንድ ይጻፍልህ፣ «የማይነካ» የሚለውም ይጻፍ። በተለይ የመለያ ቁጥሩ በደንብ ተሸፍኖ እንዲሠራ አስጽፍ። ቁጥሩ የተፋቀ ጠብመንጃ ይዞ መገኘት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ የጠብመንጃ ወንጀል ከአገር እስከመባረር ያደርሳል። በዚህ ቀልድ የለም።

ሌላው አማራጭ ሴራኮት ነው። ስስ የሴራሚክ ቅብ ነው፣ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል፣ ዝገትን በደንብ ይከላከላል። ዋጋው ግን ይጠናል። ለዘንድሮ ብቻ ከሆነ የጨርቅ ፕላስተር ወይም ራሱ ላይ የሚጣበቀው የአዳኞች መጠቅለያ ይበቃሃል። ከአደን በተመለስክ ቀን ግን ፍታው፣ ብረቱን አድርቅና ዘይት ቀባው። ከሥሩ እርጥበት ይዞ ያድራል።

ስኮፑንም (ማነጣጠሪያ መነጽሩን) አትርሳ። የፊት መስታወቱ ከሁሉም ቀድሞ ያበራል፣ ጥላ የሚሆነው ቱቦ ግዛለት። ቦልቱ (ጥይት ለማጉረስ ወደፊትና ወደኋላ የሚሳበው መዝጊያ) ላይ ያለው ያጌጠ ብረትም ያበራል። እኔ አልነካውም፣ በእጄ እሸፍነዋለሁ።

ይህን የምታነብ ሌላ ሰው ከሆንክና በእጅህ ያለው ከ1964 በፊት የተሠራ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ከሆነ ምንም አትፋቅ። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለመጀመሪያው መልኩ ነው። ለእሱ መጠቅለያ ብቻ።

እንጨቱን መልሰህ ስትገጥም ቡሎኖቹን ከልክ በላይ አታጥብቅ። ዒላማው ሊዛባ ስለሚችል ለአደን በምትይዘው ጥይት ሜዳ ወጥተህ አስተካክለው። ወቅቱ በእኛ መስከረም መጨረሻ (በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጀመሪያ) ላይ ስለሚከፈት ቀደም ብለህ ጀምር። አውሮራ አካባቢ ከሆንክ በውስጥ ጻፍልኝ፣ የተረፈኝ ስኮች ብራይትና ሰም አለ፣ መጥተህ ውሰድ።