በርበሬ ከገጠር ቤት መሸጥ፦ ካውንቲው ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ከአሌክሳንድሪያ ወጥተን በቨርጂኒያ ገጠር አሥር ኤከር መሬት ያለው ቤት ከገዛን ሁለት ዓመት ሆነን። ጥቂት በርበሬ በጓሮዬ አበቅላለሁ፤ የሚበዛውን ግን ዛላውን ገዝቼ፣ ቀንጥሼ፣ ከነቅመሙ አሰናድቼ ጋራዥ ውስጥ ባስቀመጥኩት ወፍጮ እፈጫለሁ። ሽሮም አዘጋጃለሁ፤ ቡናም እቆላለሁ። እስካሁን የምሸጠው ለወዳጅ ዘመድ ነበር፤ አሁን ዲሲ ያሉ ሁለት ሱቆች በየወሩ እንዳቀርብላቸው ጠይቀውኛል። ባለቤቴ «ገጠር ነው፣ ማን ይጠይቅሻል» ይለኛል፤ ጎረቤታችን ግን ወፍጮው ሲነሳ መስኮቷን እንደምትዘጋ ነግራኛለች። ፈቃድ ያስፈልገኛል? ከየትስ ልጀምር? (ወ. አ.፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ባለቤትዎ የተናገሩት በከፊል እውነት ነው። የገጠር ዞን ከከተማ መንደር ይልቅ ሰፋ ያለ ነፃነት ይሰጣል፤ ጠያቂ የለውም ማለት ግን አይደለም። በቨርጂኒያ የመሬት አጠቃቀምን በዞን ከፍሎ የመደንገግ ሥልጣን በስቴቱ ሕግ ለየአካባቢው አስተዳደር የተሰጠ ሲሆን፣ ካውንቲዎቹም 95 በመሆናቸው፣ በአንዱ ቅጽ በመሙላት ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ በአጎራባቹ ካውንቲ ሕዝብ ተጠርቶ የሚታይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ካውንቲ የምትኖር ወዳጅዎ «እኔ ምንም አልተጠየቅኩም» ብትልዎ ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለት ጉዳዮች እንዳይደባለቁብዎ አደራ እንላለን። አንደኛው የምግቡ ጉዳይ ነው፤ ይህ የስቴቱ የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው። ሁለተኛው የቦታው ጉዳይ ነው፤ ይህም የካውንቲው የዞኒንግ ቢሮ ሥራ ነው። ከአንዱ ያገኙት ወረቀት የሌላውን አይተካም።

ምግቡን በተመለከተ ሕጉ ለእርስዎ ሥራ የተጻፈ ይመስላል። የስቴቱ ሕግ ከቤት ማእድ ቤት ያለ ቁጥጥር ሊሸጡ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ደረቅ ቅመማ ቅመም፣ ደረቅ ድብልቆችና የተቆላ ቡና ይገኙበታል። በርበሬውና ቡናው እዚህ ውስጥ በግልጽ ይገባሉ፤ ሽሮውም እንደ ደረቅ ድብልቅ ሊቀርብ ይችላል። ያንኑ በርበሬ በውሃ አሽተው አዋዜ ካደረጉት ግን ደረቅ መሆኑ ይቀራል፤ ንጥር ቅቤም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ነፃነቱም ገደብ አለው፤ ሽያጩ ሕጉ በፈቀዳቸው ቦታዎች፣ ለምሳሌ ከቤትዎ ወይም ከገበሬዎች ገበያ፣ ለራሱ ለሚመገበው ሰው መሆን ይኖርበታል። በማሸጊያው ላይም ከአዘጋጁ ማንነትና ከተዘጋጀበት ቀን ጋር፣ ለዳግም ሽያጭ እንዳልሆነና ያለ ስቴት ቁጥጥር መዘጋጀቱን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደላት ይጻፋል። የዲሲዎቹ ሱቆች ጥያቄ ታዲያ ይህን ገደብ በሁለት በኩል ይጥሳል፤ መልሰው የሚሸጡ ናቸው፣ ዕቃውም የስቴቱን ወሰን ይሻገራል። ለእነርሱ ማቅረብ ከፈለጉ ቤትዎ በተቆጣጣሪ ታይቶ በፈቃድ የሚሠራ መሆን አለበት። የዓመቱ ክፍያ 40 ዶላር ነው፤ ከክፍያው ይልቅ የሚከብደው ዝግጅቱ ነው፤ በተለይ የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ውኃው መመርመር አለበት።

ወደ ቦታው ጉዳይ ስንመጣ፣ አብዛኞቹ ካውንቲዎች በመኖሪያ ቤት የሚካሄድን ንግድ የሚፈቅዱት መኖሪያነቱ እስካልተሸፈነ ድረስ ነው። የሚጠይቁትም ተመሳሳይ ነው፦ ከቤቱ ወለል ምን ያህሉን ይይዛል፣ ከቤተሰብ ውጪ ስንት ሠራተኛ አለ፣ በቀን ስንት መኪና ይመጣል፣ ከደጅ የሚታይ ዕቃ ወይም ምልክት አለ ወይ የሚሉ ናቸው። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ወይም የተነጠለ መሆኑም ሊለያይ ስለሚችል በማመልከቻው ላይ ይግለጹት። ማመልከቻው ላይ የሚጽፉት ቃል ራሱ ዕጣዎን ይወስናል። «የቅመም ፋብሪካ» የሚል ስሜት የሚሰጥ መግለጫ ያነበበ ሠራተኛ ጉዳዩን ወደ ኢንዱስትሪ መደብ ቢወስደው አይፈረድበትም፤ ስለዚህ በሳምንት ስንት ኪሎ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በስንት ፈረስ ጉልበት ወፍጮ እንደሚፈጩ በቁጥር ይጻፉ። በርበሬው ደጅ ላይ የሚሰጣ ከሆነም አይሸሽጉ፤ በኋላ በጎረቤት አቤቱታ ከሚታወቅ ይልቅ አስቀድሞ በእርስዎ እጅ ቢጻፍ ይሻላል።

አሥር ኤከርዎ አንድ ተጨማሪ በር ይከፍትልዎታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የስቴት ሕግ፣ በእውነተኛ እርሻ ላይ የሚካሄድ የግብርና ምርት ሽያጭን ካውንቲዎች በጤና፣ በደኅንነትና በሕዝብ ጥቅም ላይ ጉልህ ጉዳት ከሌለው በቀር እንዳይገድቡ ያግዳል። ይህ ግን የሚጠቅመው በጓሮዎ ላበቀሉት በርበሬ ነው፤ ዛላው ተገዝቶ የመጣ ከሆነ በእርሻ ስም ማለፉ አስተማማኝ አይደለም። የገዛ በርበሬዎን መጠን ከጨመሩ መዝግበው ይያዙ።

ብዙዎች የሚረሱት መንገዱን ነው። በቨርጂኒያ ካውንቲዎች ያሉት መንገዶች፣ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በቀር፣ በአመዛኙ የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስለሚያስተዳድራቸው፣ ደንበኞች የሚገቡበት የመኪና መግቢያ እንደ ግል መግቢያ መታየቱ ሊቀርና የንግድ መግቢያ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። በቀን እስከ 50 ጉዞ የሚያስተናግድ ከሆነ ቀለል ያለ መስፈርት አለው፤ ዕቃውን ራስዎ የሚያደርሱ ከሆነ ግን ጥያቄው ላይነሳ ይችላል። ቤቱ በነዋሪዎች ማኅበር ውል የታሰረ ከሆነም፣ ካውንቲው የፈቀደውን ማኅበሩ ሊከለክል ስለሚችል የግዢ ሰነድዎን መልሰው ያንብቡ።

ስለ ጎረቤትዎ ደግሞ የበርበሬ ብናኝ የሚያስነጥስ መሆኑን እኛም እናውቃለን። ወፍጮውን በተዘጋ ክፍል፣ በቀን ብርሃን፣ ሰዓቱን አስታውቀው ቢፈጩ ካውንቲው ሊጥልብዎ የሚችለውን ሁኔታ ቀድመው አሟልተዋል ማለት ነው። የዞኒንግ ኃላፊውን ውሳኔ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ካልተስማሙበት ለካውንቲው የዞኒንግ ይግባኝ ቦርድ ማመልከት የሚችሉት ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ ነውና፣ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ቀን ልብ ይበሉ።