ፕለጊኑ ደህና ነው፤ ሰዓትሽን አስተካክዪ

ጥያቄ፦ ጎዶት 4 በሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ትንሽ ጨዋታ እየሠራሁ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከአጥማጆች የተረፈ ዓሣ እየለቀመ ነጥብ ይሰበስባል። ኮድ እንዲያግዘኝ ብዬ ኤዲተሩ ውስጥ የኤአይ ረዳት ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጫንኩ። ፓነሉ በጎን ይታያል፤ የኤፒአይ ቁልፍም (የኤአይ አገልግሎቱ ተጠቃሚውን የሚለይበትን የሚስጥር ኮድ) አስገብቻለሁ። ጥያቄ ስጠይቀው ግን ወዲያው ይከሽፋል። ታች አውትፑቱ ላይ «ቲኤልኤስ ሃንድሼክ ኢረር፦ -9984» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ያው ቁልፍ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ኮምፒውተሬ ላይ ብራውዘሩም ስለሚያስቸግረኝ ዳውንሎድ የማደርገው በስልክ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ከፕለጊኑ ኮድ አንድ መስመር ቀይሮልኝ ሠርቶ ነበር፤ ፕለጊኑን ሳሻሽለው ግን ችግሩ ተመለሰ። ያ መስመር የቱ ነው? የስክሪኑን ፎቶ አያይዣለሁ። ከሐዋሳ።

መልስ፦ እህቴ፣ መስመሩን አልነግርሽም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኚዋለሽ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የላክሽው ፎቶ ላይ የኤፒአይ ቁልፍሽ ከነሙሉ ፊደሉ ይነበባል። ቁልፉን ወዳወጣሽበት ገጽ ገብተሽ አሁኑኑ ሰርዢው፤ በስልክሽም ይሆናል። ሌላ አውጪ፤ አዲሱን ግን ገና አታስገቢው። እኔ አልነካውም፤ ፎቶው ግን ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ አንቺም አታውቂም።

አሁን ወደ ፎቶው። ቀዩን ጽሑፍ ተዪውና የስክሪኑን የቀኝ ታችኛ ጥግ እዪ። ሰዓቱ 10፡40 ኤኤም ይላል፤ ዓመቱ 2018። ከስክሪኑ ጎን ባለው መስኮት የምትታየው ፀሐይ ግን የከሰዓት ናት። ማለትም ኮምፒውተርሽ የሚሄደው በሐበሻ አቆጣጠር ነው። የሞላው ሰው አሥር ሰዓት ከአርባን 10፡40፣ ዓመቱንም 2018 ብሎ አስገብቷል። ለእኛ ልክ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን 2018 ማለት የፈረንጆቹ 2018 ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል።

-9984 ደግሞ የሰርተፊኬት ማረጋገጥ ከሸፈ ማለት ነው። ቁልፉ ስህተት ቢሆን ኖሮ 401፣ ማለትም ቁልፉን አልቀበልም፣ ነበር የሚልሽ። ጥያቄሽ ቁልፉ እስከሚታይበት ድረስ አልሄደም።

ይህችን ነገር ሳላብራራ ማለፍ አልችልም፤ «ኢንተርኔቱ አልሠራ አለ» ተብሎ ከሚመጣልኝ ኮምፒውተር ብዙው መድኃኒቱ እዚህ ነው። ፕለጊኑ ጥያቄሽን ከመላኩ በፊት ሰርቨሩን፣ ማለትም በወዲያኛው ጫፍ ያለውን የኤአዩን ኮምፒውተር፣ ማንነትህን አሳየኝ ይለዋል። ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን ያወጣል። እሱ ላይ የድረ ገጹ ስም፣ የሰጪው ስምና ሁለት ቀኖች አሉ፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ። ሁለቱን ቀኖች የሚመዝነው ማነው? ያንቺው ኮምፒውተር ሰዓት ነው። ሌላ ዳኛ የለም። የድሮ ካላንደር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መታወቂያ የሚፈትሽ ዘበኛ በይው፤ ትናንት የወጣ መታወቂያ ስታሳዪው «ይሄ ገና አልወጣም» ብሎ ከበር ይመልስሻል። ሰርተፊኬቶች ደግሞ ዕድሜያቸው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ሌትስ ኤንክሪፕት የሚባለው ነጻ ሰጪ ደግሞ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው የ90 ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ ሥራ ላይ ካሉት ውስጥ በፈረንጆቹ 2018 የነበረ የለም። ኮምፒውተርሽ ሁሉንም ገና ያልተወለዱ ናቸው ብሎ ይጥላቸዋል። ብራውዘሩም ያስቸገረሽ በዚሁ ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ብቻውን ቢሆን ሳታውቂው ትኖሪ ነበር፤ ጉድ የሠራሽ ዓመቱ ነው። ታዲያ ዊንዶውስ ራሱ ለምን አላስተካከለውም? ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክል አገልግሎት አለው፤ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ካለፈ ግን እንዲሁ አይነካውም።

ያ ልጅ የነካው መስመር «ክላየንት አንሴፍ» የሚል ነገር ያለበት ይመስለኛል። ሰርተፊኬቱን ጨርሰህ አትመልከት ማለት ነው። ሠራ፤ እንዴት አይሠራም! ከዚያ በኋላ ግን በመንገዱ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው «ሰርቨሩ እኔ ነኝ» ቢለው ፕለጊኑ አምኖ ቁልፍሽን ያስረክበዋል። የካፌ ዋይፋይ ላይ ደግሞ ማን እንደተቀመጠ አይታወቅም። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል። ቀይ ጽሑፉን አጥፍቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ ሳያይ ሄደ።

አሁን ወደ ሥሩ። ማሽንሽ ዴስክቶፕ ነው። ልገምት፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ አሮጌ ቀን ይመለሳል፤ ሲነሳም ኤፍ 1 ተጫኚ ይላል፤ በመጨረሻ አንድ ሰው በእጁ ሞላልሽ። ከሆነ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የሚያስኬደው የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 ነው፣ ክቧ። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ልቀቂ። ባትሪውን የያዘችውን ምላስ በቀስታ ገፋ አድርጊያት፤ ብድግ ይላል። በመልቲሜትር ለኪው፤ ጤነኛው 3 ቮልት አካባቢ ነው፤ ከ2.8 በታች ካሳየሽ ጣዪው። አዲሱን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገሽ አስገቢ። ካርቶን ላይ አምስት አምስት ተደርድሮ በርካሽ የሚሸጠውን ስም የለሽ ባትሪ ግን እንዳትገዢ። ከማሸጊያው ሲወጣ ገና ደካማ የሆነ ሞልቷል። ጥቂት ብር ጨምሪና ስም ያለውን ያዢ፤ ሱቁ ውስጥ ሳለሽ አስለክተሽ ውሰጂ።

ቀጥለሽ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብተሽ ቀኑን በፈረንጅ ሙዪ። ስልክሽ ላይ ያለውን እዪና ገልብጪ። አሥር ሰዓት ከአርባ ከሰዓት ማለት 4፡40 ፒኤም ነው፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 16፡40። ዊንዶውስ ሲነሳ የሰዓት ቀጠናው ዩቲሲ +3 ናይሮቢ መሆኑን አረጋግጪና «ሰዓቱን በራስህ አስተካክል» የሚለውን አብሪው። የሐበሻ ቀን ማየት ከፈለግሽ የካላንደር አፕ ጫኚ፤ የሲስተሙን ሰዓት ግን አትንኪ።

ፕለጊኑ ላይ ብዙ ሥራ የለም። አሻሽዬዋለሁ ብትዪም ልጁ ሌላ ምን እንደነካካ ስለማናውቅ፣ ፕሮጀክትሽ ውስጥ ባለው አዶንስ ፎልደር ያለውን የፕለጊኑን ፎልደር ሙሉ በሙሉ አጥፊና ንጹሑን መልሺ። ኮድ ከሚቀመጥበት ድረ ገጽ ከጊትሃብ በዚፕ ስታወርጂው ስሙ በ«ሜይን» የሚያልቅ ትርፍ ፎልደር ይዞ ይመጣል፤ እሱን አትቅጂ፤ ከውስጡ ፕለጊን.ሲኤፍጂ የሚባለውን ፋይል የያዘውን ፎልደር ብቻ ውሰጂ። ከዚያ ፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ ፕለጊንስ፣ ኢኔብል።

አዲሱን ቁልፍ አሁን አስገቢ። ግን የት እንደሚቀመጥ እዪ። አንዳንዱ ፕለጊን ኤዲተር ሴቲንግስ ውስጥ ያኖረዋል፤ ያ ከፕሮጀክቱ ውጭ ስለሆነ ደህና ነው። አንዳንዱ ግን ፕሮጀክት.ጎዶት ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቺና የቁልፉን የመጀመሪያ ፊደላት ፈልጊ። ካገኘሻቸው ፕሮጀክቱን ጊትሃብ ላይ ስታወጪ ቁልፉም አብሮ ይወጣል ማለት ነው፤ ቁልፍ እየለቀሙ የሚዞሩ ሮቦቶች ደግሞ አይተኙም። አንዴ ከወጣ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ ይቀራል፤ መፍትሔው ቁልፉን መሰረዝ ብቻ ነው። ገጹ የወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ የሚፈቅድ ከሆነም አስቀምጪ። ደግሜ ልናገር፦ ቁልፉ ፕሮጀክት ፎልደር ውስጥ አይገባም፣ ፎቶ ላይ አይታይም፣ ለሠሪም አይሰጥም።

ቀኑ ተስተካክሎም -9984 ካልለቀቀሽ ጥርጣሬዬ ኤችቲቲፒኤስን (የተመሰጠረውን የድረ ገጽ ግንኙነት) ከፍቶ የሚፈትሽ አንቲቫይረስ ላይ ይሆናል፤ ያንን ክፍሉን ብቻ አጥፍተሽ ሞክሪ። 429 ካለሽ ግን ኮታሽ ወይም ሂሳብሽ ነው። ለቻቱ በየወሩ የምትከፍዪው የኤፒአዩን አይሸፍንም፤ ለየብቻ ናቸው።

ጊት ላይ እስካሁን ያስገባሻቸው ኮሚቶች (የኮድ ለውጥ መዝገቦች) 2018 እንዳሉ ይቀራሉ። ጎዶት 4 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ስለሆነ የሚያያቸው ሰው ግራ ይገባው ይሆናል። ተያቸው፣ ጉዳት የላቸውም።