ቡና አምጪው ሮቦትና ማጥፊያው፦ ለፍልስፍና ተማሪዋ የተሰጠ ምላሽ

የፍልስፍና 3ኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ኮድ ጽፈሽ አታውቂም። በሎጂክና በሐሳብ ሙከራ ብቻ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) ደኅንነት ላይ፣ ማለትም ማሽኖች ሰውን እንዳይጎዱ በሚያጠናው ዘርፍ፣ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። መጀመር ይቻላል፤ በእነሱ ብቻ መቀጠር ግን ከባድ ነው። «ማሽን ቢያምፅስ?» የሚል ጽሑፍ ሞልቷል። የሚፈለገው ክርክሩ የቱ መነሻ (premise) ላይ እንደሚሰበር የሚያሳይ ሰው ነው።

በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ስቱዋርት ራስል የሚያነሳውን ቡና አምጪ ሮቦት ውሰጂ። ክርክሩን አንደኛ ዓመት በሎጂክ ኮርስ እንደተማርሽው አስቀምጪው፦ ግቡ ቡና ማምጣት ብቻ ነው፤ ከጠፋ ቡናው አይመጣም፤ ማጥፊያውን ማሰናከል ይችላል፤ ስለዚህ ያሰናክላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይቆማል። ያልተጻፈ መነሻ ግን አለ፦ ሮቦቱ ያዘዘው ሰውየ የሚፈልገውን በእርግጠኝነት ያውቃል።

ይህን መነሻ አውጥተሽ ለሮቦቱ ጥርጣሬ ቁጥር ስጪው። ሮቦቱ ሥራው የመጥቀሙን (+10) ዕድል 60 በመቶ፣ የመጉዳቱን (−10) 40 በመቶ ብሎ ይገምት። ዝም ብሎ ቢሠራ በአማካይ 6−4፣ ማለትም 2 ያገኛል። ራሱን ቢያጠፋ 0። የሰውየውን ውሳኔ ቢጠብቅና ሰውየው ሥራው ጎጂ ሲሆን ብቻ ሮቦቱን ቢያጠፋው 6። ማጥፊያውን አለመንካት ያዋጣዋል ማለት ነው። ራስልና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት «የማጥፊያ ጨዋታ» ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን አፍርሺው። ሰውየው ሳንቲም ወርውሮ የሚወስን ከሆነ መጠበቅ 1 ብቻ ያስገኛል፤ 2 ይበልጣልና ሮቦቱ ሰውየውን ዘሎ ይሠራል። መቶ በመቶ እርግጠኛ የሆነ ሮቦት ደግሞ ቢሠራም ቢጠብቅም ያው 10 ስለሆነ ለመጠበቅ ምክንያት የለውም። ልብ በይ፣ ቁጣም ስሜትም የትም አላስፈለገም። «ማሽን ነፍስ አለው ወይ?» የሚለውን ለሌላ ጊዜ አቆዪው፤ የፍልስፍና ተማሪን ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ቅርጹ የተስተካከለ ክርክር መነሻዎቹ እውነት ለመሆናቸው ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሐሳብ ሙከራ ጎን በማሽን ላይ የታየ ነገር አስቀምጪ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቻትጂፒቲን የሠራው ኩባንያ ኦፕንኤአይ፣ ኮስትራነርስ በተባለ የጀልባ ውድድር ጨዋታ ላይ ያሠለጠነው ፕሮግራም አንድ ቦታ እየዞረ፣ እየተጋጨና እየተቃጠለ ዒላማዎችን ሲመታ ቆየ። ውድድሩን አልጨረሰም፤ ነጥቡ ግን ከሰው ተጫዋቾች በአማካይ 20 በመቶ በለጠ። የተሸለመው ለነጥብ እንጂ ለመጨረስ አልነበረምና።

ለሦስት ወር ፓይተን የተባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋና የፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) መሠረት ተማሪ፤ ከዚያ የሮቦቱን ስሌት በኮድ ጻፊው። ሃያ መስመር አይሞላም። የሰውየውን የስህተት መጠን ከ0 እስከ 50 በመቶ እያሳደግሽ መጠበቅ ማዋጣቱን የሚያቆምበትን ነጥብ ፈልጊ። 40 በመቶ ላይ ካልመጣልሽ ኮዱን ፈትሺ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሰውየው ጎጂውን ሥራ በስህተት የሚፈቅድበት ጊዜ ነው። ውጤቱን ከነመነሻዎቹ በሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ጻፊው። ከሥራ ማመልከቻሽ ጋር የምትልኪው ናሙና እሱ ይሁን፤ አማካሪሽ ከፈቀደ የመመረቂያ ጽሑፍሽም ከዚሁ ይነሣ።