የከርነል ሥራ እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ጥያቄሽን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላቅርበው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አራተኛ ዓመት ነሽ። ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ነው፤ ከርነል የሚባለው ዕቃውንና ፕሮግራሙን የሚያገናኘው እምብርቱ ነው። የገዛሽው የ4ጂ ዶንግል (በሲም ካርድ ኢንተርኔት የሚያስገባ ዩኤስቢ) የጓደኛሽ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ያንቺ ላይ እምቢ ብሏል። "ድራይቨሩን (ከርነሉ ዕቃውን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ራሴ ልጽፍለት ፈልጌያለሁ። አባቴ ግን ይሄን ትተሽ ሲሲኤንኤ (የሲስኮ የኔትወርክ ሙያ ማረጋገጫ) ያዢና ባንክ ግቢ ይለኛል። ከርነል ላይ መሥራት እንጀራ ይሆናል ወይ?" ነው ያልሽኝ።

አብሽሪ፣ ይሆናል። ግን ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ "የከርነል ፕሮግራመር እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ እንዳትጠብቂ። አዲስ አበባ ብትሄጂም ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም። ሥራው ያለው ቺፕ የሚያመርቱ፣ ራውተር የሚሠሩና ሰርቨር የሚያከራዩ ድርጅቶች ጋ ነው። ኢንቴል፣ ኤንቪዲያ፣ ሬድሃት፣ ጉግል ሁሉም ለሊኑክስ ከርነል የሚጽፉ ሠራተኞች አሏቸው። እንደ ካኖኒካልና ኮላቦራ ያሉት ደግሞ ሰው በርቀት በመቅጠር ይታወቃሉ። እነዚህ ቀጣሪዎች ሊያዩት የሚፈልጉት በአደባባይ የሠራሽውን ነው። ከርነሉ ውስጥ የገባ ለውጥ ሁሉ የጻፈው ሰው ስም አብሮት ይቀመጣል። ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ ማኅተም አያስፈልገውም።

ስለዚህ ዶንግልሽ ጥሩ መግቢያ ነው። "ድራይቨር ልጻፍ" ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። ምናልባት የሚያስፈልገው ድራይቨር ከተጻፈ ቆይቷል፤ ያንቺን ዶንግል አያውቀውም እንጂ።

መጀመሪያ ኤልኤስዩኤስቢ የሚለውን ትእዛዝ ስጪ። ዶንግሉ ሁለት ቁጥር ይዞ ይወጣል፦ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው መለያ ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በይ። ብዙ የዚህ ዓይነት ዶንግሎች ገና ሲሰኩ ራሳቸውን ሲዲ ያስመስላሉ። የዊንዶውስ መጫኛውን ውስጣቸው ይዘው ስለሚመጡ ነው። ወደ ሞደምነት የሚመልሳቸው ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም አለ። እሱን ሳትሞክሪ ከርነሉን አትውቀሺ።

ሞደም ከሆነ በኋላም የኔትወርክ ኢንተርፌስ (ላፕቶፕሽ ከኔትወርክ የሚገናኝበት በር) ካልመጣ፣ ያኔ ወደ ከርነሉ እንሂድ። በኳልኮም ቺፕ የሚሠሩ ብዙ ሞደሞች ኪውኤምአይ በሚባል ፕሮቶኮል ይነጋገራሉ። ድራይቨራቸው ኪውኤምአይ ደብሊውዋን ይባላል። ፋይሉን ብትከፍቺው ውስጡ ረጅም የመለያ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ታገኛለሽ። ያንቺ ዶንግል ቁጥር እዚያ ከሌለ፣ ከርነሉ ዕቃውን እያየ ያልፈዋል። ደግነቱ፣ ምንም ኮምፓይል ሳታደርጊ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ሳትለውጪ) መሞከር ትችያለሽ። ሲስ ከሚባለው ማውጫ ሥር፣ በድራይቨሩ ፎልደር ውስጥ፣ ኒው አይዲ የሚባል ፋይል አለ። ሁለቱን ቁጥሮች እዚያ ጻፊበት። ኢንተርፌሱ ብቅ ብሎ ኢንተርኔት ካገኘሽ፣ የቀረሽ ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። ዶንግሉ በውስጡ ለየራሱ ሥራ የተመደበ ብዙ የዩኤስቢ ኢንተርፌስ ስለሚኖረው፣ የኔትወርኩ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩን አብረሽ ትጽፊያለሽ።

አንድ መስመር ናት ብለሽ አትናቂያት። ትልቁ ትምህርት ያለው መስመሯን አስገብቶ ማሳለፉ ላይ ነው። የከርነሉን ኮድ ስታወርጂ ሙሉ ታሪኩን (የቆዩትን ለውጦች ሁሉ) አትሳቢ፤ የዳታ ጥቅልሽን ይጨርሰዋል። የመጨረሻውን ብቻ አውርጂ። ኮምፓይል ስታደርጊም ላፕቶፕሽ የሚጠቀምባቸውን ሞጁሎች (ለየብቻ የሚጫኑ የከርነሉን ክፍሎች) ብቻ የሚመርጥ ሎካልሞድኮንፊግ የሚባል አማራጭ አለ። ካለሱ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሊወስድብሽ ይችላል። መብራት ቢሄድም ብዙ አትደንግጪ፣ መልሰሽ ስታስጀምሪው የጨረሰውን ፋይል አይደግምም።

ለውጡን ለኔትወርክ ክፍሉ ኃላፊዎች የምትልኪው በኢሜይል ነው። ለማን እንደምትልኪ የሚነግርሽ ስክሪፕት እዚያው ከኮዱ ጋር አለ፤ የኮድሽን የአጻጻፍ ስሕተት የሚጠቁምሽ ቼክፓችም እንዲሁ። ኢሜይሉ ቀለምና ጌጥ የሌለው ግልጽ ጽሑፍ ይሁን፣ በኤችቲኤምኤል የተላከ አይቀበሉም። ከሥሩ ሳይንድ ኦፍ ባይ ብለሽ ስምሽን ታኖሪያለሽ። ኮዱን ለመላክ መብት አለኝ ብሎ መፈረም ነው። አዲስ የከርነል ቅጂ የሚወጣው በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ሲሆን፣ በዚያ ዙር መጀመሪያ ላይ ባሉት 2 ሳምንታት የኔትወርክ ክፍሉ ለአዲስ ሥራ በሩን ይዘጋል። አስተያየት ከመጣልሽ አርመሽ ድገሚው፣ ግን 24 ሰዓት ሳይሞላ አትላኪ። ደንባቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወሎዬ ጉዳይ ላንሳ። እኛ ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ ከብቱ ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አንገባም። እነሱ ግን ያለ ሰላምታ "ይሄ መስመር ለምን አስፈለገ?" ብለው ብቻ ይመልሱልሻል። ስድብ እንዳይመስልሽ። በቀን የሚያነቡት ብዙ ስለሆነ ነው። አጭር መልስ ስጪ፣ ካላወቅሽ አላወቅኩም በይ። በዚህ ተከፍተው የቀሩ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ ያሳዝናል።

አንዱን ካሳለፍሽ በኋላ እውነተኛ ድራይቨር ማንበብ ጀምሪ። ዕቃ አትግዢ። ኪውኢኤምዩ የሚባለው ፕሮግራም የሪልቴክ 8139ንና የኢንቴል ኢ1000ን የኔትወርክ ካርዶች በሶፍትዌር ይሠራልሻል። የሁለቱም ድራይቨሮች ከርነሉ ውስጥ አሉ። ካርዱ ሲከፈት፣ ሲዘጋና ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዝ የዳታ ቁራጭ) ሲላክ የሚጠሩትን ፈንክሽኖች ፈልገሽ አግኚ። ከዚያ ናፒ የሚባለውን ተረጂ። እንግዳ በበዛበት ሰርግ ቤት በር በተንኳኳ ቁጥር ቁጭ ብድግ ማለት አያዋጣም፤ አንዴ ከፍቶ የመጣውን ተራ በተራ ማስገባት ይሻላል። ናፒም ፓኬት ሲበዛ የካርዱን ኢንተረፕት (ፓኬት መጣ እያለ የሚያቋርጠውን ጥሪ) ዝም ያሰኝና ራሱ እየዞረ ይሰበስባል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ ሊጠይቁሽ ከሚችሉት አንዱ ይኸው ነው።

አባትሽን በተመለከተ፣ አትከራከሪያቸው። እውነታቸውን ነው። ባንኮች፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም የኔትወርክ ባለሙያ ይቀጥራሉ፤ የቤት ኪራይ የሚከፍልልሽ ቶሎ የሚገኘው እሱ ነው። ሲሲኤንኤውን ያዢ፣ ከርነሉን ማታ ማታ ሥሪ። የምትማሪው ፕሮቶኮል ያው ነው፣ የምታዪው ግን ከሁለት በኩል ይሆናል። ሊኑክስ ፋውንዴሽን ለጀማሪ የሚሰጠው የከርነል ኮርስ በነፃ ነው። አውትሪቺ የሚባለው በክፍያ የሚሠራ የርቀት ልምምድም አለ፤ የማመልከቻ ጊዜውን አሁኑኑ ተከታተዪ፣ የትምህርት ካላንደርሽ ጉዳይ ይጠየቅበታልና።

ሲቪሽ ላይ "የሊኑክስ ከርነል ዲቨሎፐር" ብለሽ እንዳትጽፊ። ተቀባይነት ያገኘውን ለውጥ ርዕስ፣ የገባበትን የከርነል ቁጥርና ሊንኩን አስቀምጪ። ገና እየታየ ያለ ካለሽ፣ እየታየ ነው ብለሽ ለብቻው ጻፊው።